«ሐዘን» የሚለውን ገጽህን አነበብኩት

ውድ የኔ ሰው፣

የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጉልበት ተሽሏታል፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀምራለች። ልጇም መንታ ወለደች፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ከሌላ ሰው ብትሰማ ታኮርፋለህ ብዬ ነው ከሷ የጀመርኩት።

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ አላለቀስኩም። ከሄድክ ሁለት ወር ሊሞላህ ነው፣ ዓይኔ እንደደረቀ ነው። እበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኛለሁ፤ የሰው ቤት የምጠብቅ ነው የሚመስለኝ።

ልጃችን ተጨነቀችና ስልኳ ላይ በቋንቋችን «ሐዘን» ብላ ፈለገች። የወጣው ያንተ ገጽ! ከመዝገብ ቤት ሥራህ መልስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተህ፣ ለኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ከእንግሊዝኛ ከተረጎምካቸው አንዱ። ድምፅህን የምሰማ መስሎኝ መነጽሬን አደረግኩ።

ያገኘሁት አሜሪካን ነው፣ የኔ ጌታ። ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ይላል፤ የኔ ዝምታ የትኛው እንደሆነ አጣሁት። ባለሙያ ያማክሩ፣ ካልሆነም በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። ደወልኩ። «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም» አለችኝ ሴትየዋ።

ያኔ «የኛ ሰው እንዴት እንደሚያዝን ለምን አትጨምርበትም?» ስልህ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል» አልከኝ። «እኔ ምንጭ አይደለሁም?» ብልህ፣ «አንቺማ ጎርፍ ነሽ» ብለህ ሳቅክብኝ።

እናም በልጃችን እጅ ከገጽህ ግርጌ አንድ ነገር አስጻፍኩ፦ «እንባ እምቢ የሚለውም ሰው አለ፤ ሳይጠራ መጥቶ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።» በማግስቱ ጠፋ።

ትናንት ከሰዓት፣ አብሮህ ገጾቹን ይጠብቅ የነበረው፣ «አራሚው» የምትለው ባልደረባህ መጣ።

«እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእርስዎ መሆኑን ዛሬ ነው ከልጅዎ የሰማሁት።»

«ብታውቅስ ትተወው ነበር?»

«አልተወውም። ደንብ ነው።»

መቼም አይዋሽም። «ደንቡን ማን አወጣው?» አልኩት።

«አሜሪካኖቹ፤ እኛ እንዳለ ተረጎምነው።»

ከዚያ በኋላ አላወራም። እኔም አላወራሁም። መስኮቱ እስኪደበዝዝ ድረስ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲነሳ፣ «ሚስቴ የሞተች ጊዜ እሱ እንዲህ ነበር የተቀመጠልኝ» አለኝ። «ከሥራ መልስ፣ በየቀኑ፣ አንድ ቃል ሳይናገር።»

ለኔ ግን ይህን ነግረኸኝ አታውቅም። «ታዲያ ገጹ ላይ ለምን አልጻፈውም?» ስለው፣ በሩን እንደያዘ ዞር አለና፣

«ምንጭ ከየት ያመጣል፣ እትዬ?» አለኝ።

የልጅህ እናት