ለእንግዳ ስለሚጠራቀመው ውኃ

ለተከበሩ የአነስተኛው የውኃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ እኛ መብራት ሳይቆራረጥ እንዲዘልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከግድቡ ሥር የምንኖር ጎረቤቶችዎ ደኅና መሆናችንን እንዳልነግርዎ፣ በጨለማ እርስ በርስ አልተያየንም። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

፩ኛ፦ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ተርባይኑ በሙሉ ኃይሉ እንዲሽከረከር፣ ከቀናት በፊት የውኃውን በር ዘግተው ግድቡን ስለሚሞሉ እናመሰግናለን። በዕለቱ የመንገድ መብራት ሳይቀር በጠራራ ፀሐይ ቦግ ይላል፤ የመለኪያው መርፌ ጫፍ ይነካል፤ ለእርስዎም ይጨበጨባል። የእንግዶቹ መኪና አቧራ ሳይሰክን ውኃው ያልቅና እኛ ወደ ሻማችን እንመለሳለን።

፪ኛ፦ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ራስ ገና ግማሹን እንደላጨ መብራቱ ቢጠፋበት፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀሪውን እንግዳ ሲመጣ እጨርስልሃለሁ» ብሎ በኮፍያ ሸኝቶታል። ሰው ተስፋ እንዲኖረው ስላደረጉ ምስጋናችን ይድረስዎ።

፫ኛ፦ እናቴ ሳንባዋ ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። እሷ ትዕግሥተኛ ናት፤ ማሽኑ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለፈው የውኃውን በር ዘግተው መብራት የጠፋ ጊዜ ከንፈሯ ጠቆረ። ማራገብ ኦክስጅን እንደማይሆን እያወቅን እኔና እህቴ በካርቶን ስናራግብላት ቆየን። ሮጬ ሄጄ ዘበኛዎን ብለምነው፣ «ምን ላድርግ ወንድምዓለም፣ ውኃው የእንግዳ ነው» አለኝ። እናቴ ይህን ስነግራት ትንፋሿን እየቆራረጠች፣ «አይ እኔ፣ የቤት ሰው መሆኔ ጎዳኝ» አለች።

አሁንም ጎብኚ ሊመጣ ስለሆነ በሩ ከነገ ጀምሮ እንደሚዘጋ ሰምተናል። ስለዚህ እናታችንን እንግዳ ልናደርጋት ወስነናል። ነገ ማለዳ ከነአልጋዋ፣ ከነማሽኗ ተሸክመን፣ ጀነሬተር ወደማይለየው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽዎ እናመጣታለን። ጎብኚዎቹ እስኪመጡም፣ እስኪሄዱም እዚያው ትተነፍሳለች። የውኃውን በር ካልዘጉት ግን ከቤታችን ንቅንቅ አንልም፤ ጭብጨባውንም ለእርስዎ እንተዋለን።

ለመልካም መስተንግዶዎ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ፣ ከወገቤም ጎንበስ ብዬ፣

የእንግዳዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ማሽኑ ትንሽ ያጉረመርማል። የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግርዎን ከረበሸብዎ፣ ማጥፋቱን ለለመደ ሰው ቀላል ነው፤ የምንለምንዎ እንግዶቹ እያዩ እንዲያጠፉት ብቻ ነው።