ከምላሴ ሥር

ጥር 9

ነፋስ የለም። ለክሬን ጥሩ ቀን። ብረት ሳነሣ ሳወርድ ዋልኩ። ከላይ ሲታይ ሰዉ ሁሉ ጉንዳን ነው፤ ጓደኛዬን ፉጨትን ብቻ ከእጁ አወዛወዝ እለየዋለሁ። እሱ ታች ሸክሙን ያስራል፣ እኔ አነሣለሁ። ሬዲዮ ከመጣ ወዲህም ማፏጨቱን አልተወም። ስሙም ከዚያው ወጣ።

ጠዋት መሰላሉን ስወጣ ደረቴን ጨመቅ አደረገኝ። ቀበቶው መስሎኝ አላላሁት። ቀበቶው አልነበረም። ክንዴ ከበደኝ፣ መንጋጋዬን ጥርስ እንዳመመው ሰው… መሐል ማረፊያው ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ለቀቀኝ። ምን በላሁ? ምንም። ታዲያ እርጅና ነው? በሃምሳ ስድስት?

ለባለቤቴ አልነገርኩም። ከተጋባን ገና ዓመታችን። ያገባሽው ሰው አሮጌ ዕቃ ሆኖ ተገኘ ልበላት?

ጥር 13

ዛሬም ያዘኝ። ያውም የገዛ ቤቴ ደረጃ ላይ። ልጄ ልትጠይቀን መጥታ ግድግዳ ተደግፌ ደረሰችብኝ።

«አባባ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ አያልብም።»

ነገ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነው። ከእሷ ጋር ክርክር አይቻልም። በእናቷ ወጥታለች፣ ነፍሷን ይማርና።

ጥር 14

ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው በሚሽከረከር ጎማ ላይ አስኬዱኝ። የትም የማይደርስ መንገድ! ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም።

«አንጃይና ይባላል። ልብዎ ጠንክሮ ሲሠራ የሚደርሰው ደም ያንሰዋል። ደረትዎ ‹ኧረ ቀስ!› እያለ ነው።»

ናይትሬት የሚባል መድኃኒት ሁለት ዓይነት አዘዘችልኝ። አንዱ ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ። ሌላው ትንንሽ ኪኒን፣ ሕመሙ ሲመጣ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ። ደም ሥሩን ያሰፋል አለች።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ለወንድነት የሚወሰድም ቢሆን።»

ልጄ አጠገቤ ነበረች። እሷ ጣሪያውን ማየት ጀመረች፣ እኔ ወለሉን።

«ኧረ የለም!» እውነቴን ነው፣ የለም።

«ወደፊትም እንዳይነኩ። ከናይትሬት ጋር ከተገናኘ የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል። ሰው ይሞትበታል። እያስፈራራሁዎት አይደለም።»

አስፈራርታኛለች።

መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ ደግሞ ሌላ ትምህርት ጀመረች። ቁጭ ብለው ይውሰዱ፣ ቆመው አይደለም። አይዋጡት፣ አያኝኩት። አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልተሻለዎ ወይም ከባሰብዎ አምቡላንስ ይጥሩ። ከዚህ ጥቁር ብልቃጥ አያውጡት። ሙቀት አይወድም፣ ከገላዎ ጋር አጣብቀው አይያዙት። ከጥይት ይልቅ ለዚህች ብልቃጥ ጥንቃቄ በዛ!

ለባለቤቴ ልጄ ነገረቻት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብልቃጡን አንሥታ የተጻፈበትን ቀን አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው። 

ጥር 19

መጀመሪያ የቀመስኩት ዛሬ። ደረቴ ወዲያው ተፈታ፣ ራሴ ውስጥ ግን አናጢ ገባ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ራስ ምታት እንዳለው ነግረውኝ ነበር፤ እየለመደ ይሄዳል አሉ። ማን ነው የሚለምደው? እኔ ወይስ አናጢው?

ጥር 24



የክሬኑ ካቢን ውስጥ ያዘኝ። ሸክም ተንጠልጥሎ። ለፉጨት «ሰዉን አርቅልኝ» ብዬ ብረቱን ቀስ አድርጌ አወረድኩት። እዚያ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ብልቃጡን ከሻንጣዬ ላወጣ ተነሣሁ፤ እንደቆምኩ ከምላሴ ሥር አደረግኩት። ቁጭ በል ተብዬ የለ? አልሰማሁም። መቀመጥ አልችልበትም። ከልጅነቴም አልችልበትም፤ እናቴ «ይሄ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ አለው» ትል ነበር።

ዓለም ዞረች። ሁለት እጄን በሩ ላይ አጣብቄ ቀረሁ። ታች ከተማው ይወዛወዛል። ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ሬዲዮው «አለህ? አለህ?» ይላል። የፉጨት ድምፅ ነው።

«አለሁ» አልኩት። አለሁ ወይ?

እኔ ብወድቅ አንድ ሰው ነኝ። ሸክሙ ቢወድቅስ?

ጥር 25

ለአለቃ ነገርኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ራሴ ሄጄ። ካቢኑን እንደሚነጥቀኝ እያወቅኩ።

 «ወንድሜ፣ ባትነግረኝ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» አለ።

ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያ ክፍል ነኝ። መዶሻና ገመድ ማደል። በመስኮቱ ክሬኑ ይታያል። ሌላ ሰው ይነዳዋል፤ ሲያዞረው ይቸኩላል።

የካቲት 3

መደርደሪያውን ሁሉ አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ትናንትም አፍርሼው ነበር። ሠራተኛው «ትናንት እዚህ የነበረ መፍቻ የት ገባ?» እያለ ያብዳል።

ቤት ስገባም ያው ነኝ። ወንበር አይዘኝም። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ውስጥ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ «ክር አደረግከኝ እኮ፣ በክፍሉ ዙሪያ ጠመጠምከኝ» ትላለች። ሳቅኩ። ከአንጀቴ አይደለም።

የካቲት 8

ልጄ ደግ የሠራች መስሏት ኪኒኖቹን ባለቀለም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገልብጣልኝ ነበር። «ያምራል እኮ አባባ!» ባለቤቴ አየችና ብልቃጡን ይዛ መድኃኒት ቤት ሮጠች። ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ኃይሉ ይጠፋል፤ በሌላ ተኩልኝ አለች። አዲሱን ይዛ መጣች። ልጄ ደነገጠች፣ እሷ ደግሞ ልጄን አቀፈቻት። ሁለቱ ተቃቅፈው እኔን ሲያዩኝ እንደ ሕፃን ተሰማኝ። አልወደድኩትም።

የካቲት 15

እንዴት እንደምጽፈው…

ማታ ማታ ባለቤቴ ጎኔ ስትተኛ እጇን ደረቴ ላይ ታሳርፋለች። ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ይገባኛል፤ ሚስቴ ናት፣ ገና ሙሽራ ናት። እኔ ግን ከታመምኩ ወዲህ… ፈራሁ ልበል? ደከምኩ? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ የተኛ እመስላለሁ።

ካቢኑ ተወሰደ። አሁን ደግሞ ይሄ? ምኑ ቀረ ታዲያ ከሰውዬው?

የካቲት 19

ለፉጨት ዘወር አድርጌ አወራሁት፤ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ። እሱ ሞኝ አይደለም። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ኪኒን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ስም የለው፣ ምልክት የለው።

«አንበሳ ያደርግሃል!»

«ልብ ላለበት ሰውስ?»

«ልብ የሌለው ሰው አለ?» ብሎ ሳቀ። የመድኃኒቴን ነገር እሱ አያውቅም። እሱን አልወቅሰውም።

መጣል ነበረብኝ። ኪሴ ውስጥ ነው።

የካቲት 25

ሒሳቤ ይሄ ነው፤ የጠዋቱን ናይትሬት ዛሬም ነገም ካልዋጥኩ፣ ከምላስ ሥሩንም ካልነካሁ፣ ምኑ ከምኑ ጋር ይጣላል?

ዶክተሯን ልጠይቃት? ምን ብዬ? በዚህ ሽበቴ?

የካቲት 28

ሆስፒታል ነኝ። ብዕሩን ነርሷ አዋሰችኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ያን ዕለት ማታ ኪኒኑን ዋጥኩት። አንበሳም ድመትም አልሆንኩም። ልቤ እየመታ፣ ፊቴ እየጋለ፣ ወደ ግድግዳ ዞሬ አነጋሁ።

ጠዋት ልጄ መጥታ ነበር። እኔ እረፍት አጥቼ ቁምሳጥኑን ልግፋ አልኩ። ማንም ግፋ አላለኝም። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘኝ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ደረቴ ላይ ያ ሁሉ ብረት ያረፈ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቴ ብልቃጡን ይዛ በረረች። ተንበረከከች። «አፍህን ክፈት፣ የኔ ጌታ፣ ምላስህን አንሣ።» ጣቷ ላይ ያቺ ትንሽ ነጭ ኪኒን።

ጥርሴን ነከስኩ። ራሴን ወዲያና ወዲህ።

«ምን ሆነሃል? ክፈት እንጂ!» ልጄ ከኋላዬ ጭንቅላቴን ያዘች። «አባባ፣ እባክህ!» ሁለቱ ሊያድኑኝ ብለው ሊገድሉኝ ነው። ልናገር አፌን ብከፍት ባለቤቴ ትጨምረዋለች። የእሷን እጅ ጨምድጄ ይዤ፣

«ተይ… ከሱ ጋር አይሆንም… ሌላ ውጬአለሁ።»

«ምን? ምን ዋጥክ?»

ልጄ ፊት። የወለድኳት ልጅ ፊት። ለአፍታ… ሰው ከሐፍረትና ከሞት መካከል ይመርጣል? ይመርጣል። አንድ ጊዜ ሞትን ልመርጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«የወንድነት ኪኒን» አልኩ። «ማታ።»

 ባለቤቴ ያቺን ነጭ ኪኒን እንደ እሳት ከጣቷ አራገፈቻት። ልጄ ስልኩን ብድግ አድርጋ ለአምቡላንስ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረች፦ «የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ናይትሬት ይወስዳል፤ ማታ የወንድነት መድኃኒት ውጧል፤ ዓይነቱን አናውቅም።» አላፈረችም። እኔ ያፈርኩትን ያህል እንኳ ሩቡን አላፈረችም።

የአምቡላንሱ ባለሙያ ገና ሳይቀመጥ እኔም ደገምኩለት። «ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አስፕሪን አስኘከኝ። ናይትሬት አላስነካኝም።

የካቲት 29

ዶክተሯ መጣች። የመጣልኝን ዱላ ሁሉ ልቀበል ጀርባዬን አመቻችቼ ነበር።

«ምልክት የሌለው ኪኒን ስለሆነ ገላዎ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አናውቅም። አንዳንዱ ከአንድ ቀን አልፎ ሁለት ቀን ይቆያል። ባይናገሩ ኖሮ እኛም እዚህ ናይትሬት እንሰጥዎት ነበር።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የጠዋቱንስ ለምን አቋረጡ?»

«እንዳይጣሉ ብዬ።»

«ድንገት ሲያቆሙት ሕመሙ ራሱ ይነሣል። አባት፣ ይህን ጉዳይ ከእርስዎ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ሌላ መንገድ አለ፤ ግን በድብቅ አይደለም።»

ስትወጣ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረች። መስኮቱን እያየች ነው የተናገረችው።

«ማን ጠየቀህ?»

«እጅሽን ደረቴ ላይ…»

«ትንፋሽህን እየሰማሁ ነበር፣ አንተ ሞኝ!» ወደ እኔ ዞረች። «የፊተኛው ባሌ አጠገቤ ተኝቶ ነው የሞተው። ተኝቼ ነበር። ጠዋት ነቅቼ ነው ያወቅኩት። አንተ ስትታመም… መተኛት አቃተኝ። እጄን የማሳርፈው ሲነሣና ሲወርድ ልስማው ብዬ ነው። ሌላ ምን ፈልጌ?»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እሷ ከጀርባዬ ስትቆጥር… ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ ሁለት የተለያየ ፍርሃት ይዞ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

መጋቢት 6

ወጣሁ። የተዘጋ ደም ሥር ከፍተውልኛል፤ ናይትሬቱ ግን ይቀጥላል። ለፉጨት ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ ወንድሜን ልገድል!» ብሎ አለቀሰ። ይሄን የሚያህል ሰውዬ። ኪሱ ውስጥ የቀሩትን አወጣና መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደፋቸው። ለሌሎቹ ጓደኞቹም ሊነግር ሄደ፤ እያፏጨ አይደለም።

መጋቢት 17

ባለቤቴ አሁን ትተኛለች። እንቅልፏ ከበድ ያለ ነው፣ ታንኮራፋለችም። አልነግራትም።

መጋቢት 24

ከባለቤቴ ጋር እህቷን ልንጠይቅ ወጣን። እኔ ሙሉ ልብስ፣ እሷ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሕመሙ መጣ፤ ቀላል ነው፣ ግን መጣ። «ቆይ» አልኳት፤ የአንድ ዝግ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮፍያዬን አውልቄ አጠገቤ አስቀመጥኩ። ኪኒኗን ከምላሴ ሥር። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

መንገደኛው ያልፋል። አንዲት ባልቴት ቆም ብለው አዩን፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱና ኮፍያዬ ውስጥ ሳንቲም ጣሉ። «አይዟችሁ ልጆቼ» ብለው አለፉ።

ተያየን። ባለቤቴ አፏን በእጇ አፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ አፌ ውስጥ መድኃኒት አለ፣ መሳቅ አልችልም፤ በአፍንጫዬ ሳቅኩ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በሰማያዊ ቀሚሴ!» ትላለች፣ «ስንት ሌሊት የሰፋሁት ቀሚስ!»

ሕመሙ ለቀቀኝ። መነሣት እንችል ነበር፤ እህቷም ትጠብቃለች። «እንሂድ?» አለችኝ።

«ትንሽ እንቀመጥ» አልኳት።