ሐዘን ቤት ያልገባው እንግዳ

ውድ ተዋቸው፣

ወይ አንተ ሰውዬ! ከሞትክም በኋላ ታስደነግጠኛለህ? ለማን እንደምነግር ጨንቆኝ ነው ለአንተው የምጽፈው።

እዚህ ሮቢት አብረን የሠራነው፣ የጎርፍ ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዘንድሮ ሥራ ጀመረ። የገበሬዎቹን ደንብ ተቀብሎ ግንድና ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ያደርገዋል። ዛፉ ላይ እየዞረ ደንቡን የሚያነበውን ክፍል «እንግዳ» ያልከው አንተ ነህ። «እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ይቀበለው፤ እሱም ጉዳዩን ይፈጽምና ወደ ልጆቹ፣ ከሥሩ ወዳሉት ቅርንጫፎች ይለፍ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ኮድ ነው ወይስ ዘመድ ጥየቃ?» እያልኩ እስቅብህ ነበር።

የተሳፈርክበት ሚኒባስ ተገልብጦ ከተለየኸን በኋላ ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን ጋሽ አላምረው የእናትህን የእትዬ ዘነበችን ቤት «ሐዘን ቤት» ብለው መዘገቡ። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ከደጋ ሲወርድ ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ እያዩ ውሃውን ለየማሳው አዳረሱ፤ የእትዬ ዘነበችን ማሽላ ግን ዘለሉት። ቅጠሉ ተጠቅልሎ አየሁት። እትዬን «ውሃው ሲዘልዎት ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው «ተዋቸው የሠራው ነው፤ እሱ ካለ አለ ነው» ብለው ነጠላቸውን ሳቡ።

ኮዱን ከፈትኩት። ጉድ ነው የገጠመኝ! «ሐዘን ያለበት ቤት እስከ ተዝካሩ ቦይ ጠረጋ አይጠራም፤ ውሃው ግን አይቀርበትም» የሚል ደንብ አለ አይደል? ሐዘን ቤት ከሚለው ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አለ፤ ሥራና ውሃ። እንግዳህ እዚያ ሲደርስ ወደ ልጆቹ ሳይወርድ ከደጅ ይመለሳል። ሐዘንተኛ ለሥራ አይቀሰቀስም ብለህ ነው፤ ገብቶኛል። ግን ውሃውም አብሮ ቀረ። ስንሞክረው ሐዘን የገባበት ቤት አልነበረም፤ የመጀመሪያው የአንተው ቤት ሆነ። እንዲህም ያለ ነገር ይደርሳል? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንድ መስመር ጨምሬ አስተካከልኩትና እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ። እኒያን በልጃቸው የሚኮሩ እናት እንዴት ብዬ «ልጅዎ ተሳስቷል» ልበላቸው? በመጨረሻ እንደ ምንም አወጣሁት።

«እትዬ፣ ስህተት ነው። ተዋቸው አስቦበት አይደለም።»

ይቆጣሉ ስል ክንዴን ጭምድድ አደረጉኝ።

«እስኪ በማርያም በይኝ!»

«በማርያም!»

«እኔኮ... የሞተ ቀን፣ ጎብዬ ከተማ ሊሄድ ሲወጣ ተጣልተን ነበር። ‹ከዚህ ኮምፒውተር ሌላ እናት የለህም፣ ሂድልኝ!› አልኩት። ተቀይሞኝ ሄዷል፣ ከነቂሙ ውሃዬን ቆርጦብኛል ብዬ ነው'ኮ ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? እልል አሉ! ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ ለቀስተኛ ደጅ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ እልል! ሰው ሁሉ አበዱ ብሎ ደንግጦ ተነሣ። ስለ ማሽላው አንዲት ቃል አልጠየቁኝም።

ነፍስህን ይማር። ጎርፉ ሲመለስ ማሳቸው ዳር ቆሜ አስገባላቸዋለሁ።

እስካሁን ድንጋጤው ያልለቀቃት፣
ብሩክታዊት