ከስልክ ገበያ ያስወረድኩት መሰላል

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅሽን ይርገጥ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ እናታችንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝ።

ባለፈው «ሰው ሁሉ በስልኩ የሚገዛ ከሆነ አንቺን ምን ሊያደርጉሽ ነው?» ብለሽ ተጨንቀሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነትም ስጋቱ የእኔም ነበር። ይህ የቅናሽ መደብር ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ያደክማል፤ ከመርፌ እስከ ማቀዝቀዣ የሌለው የለም። የኢንተርኔት ሽያጭ ሲጀመር እኛ ሠራተኞቹ «አለቀልን» ተባብለን ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ደንበኛው ቤቱ ተቀምጦ ያዛል፤ ትእዛዙ እጄ ላይ ባለችው ትንሽ መሣሪያ ብቅ ይላል፤ እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ ከየመደርደሪያው እለቅምለታለሁ። መልኩን ለማላውቀው ሰው ሁሉ ገበያ እወጣለሁ በይው።

ባለፈው ሳምንት ታጣፊ መሰላል በግማሽ ዋጋ ወጣና ትእዛዙ እንደ ዶፍ ወረደ። ስለቅም አንድ ሰው የገዛውን መሰላል ሊመልስ መጣ፤ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። «መቆለፊያው ከዳኝ» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። በምሳ ሰዓት የመደብሩን ድረ ገጽ ከፍቼ ገዢዎች የጻፉትን አስተያየት አነበብኩ። ምስጋናው ብዙ ነው፤ በመሃሉ ግን አምስት ሰዎች፣ እነሱም በተለያየ ከተማ ያሉ፣ ያንኑ ነገር ጽፈዋል። ማንም ልብ አላለውም።

ወደ አለቃችን ሄድኩ። «ሰዓቱ» ነው የምንለው፤ ደቂቃ ሳይጠራ አረፍተ ነገር አይጨርስም። «ሥራሽ መልቀም ነው እንጂ ማንበብ አይደለም፤ እስከ ስምንት ሰዓት አርባ መሰላል መውጣት አለበት» አለኝ። እቴቴ፣ ፈራሁ። እንጀራዬን ባጣስ? ግን የዚያ ሰውዬ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አንዱን መሰላል እፊቱ ዘረጋሁና ዕቃ ጫኙን ባልደረባዬን ለመንኩት፤ ሁለት ጆንያ ሩዝ ጫነበት። መቆለፊያው «ቀጭ» አለና ተከፈተ፤ ጆንያዎቹ ወድቀው ተቀደዱና ሩዙ ወለሉን ሞላው። ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደቂቃ መቁጠር የረሳ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መሰላሉ ከድረ ገጹ ወረደ፤ በየቅርንጫፉም ሽያጩ ቆመ። ለገዙት ሁሉ «አትውጡበት፣ ይዛችሁ ኑ» የሚል መልእክት በስልካቸው ገባ። አንዲት ሴት «መጋረጃ ልሰቅል አንድ እግሬን አንስቼ ሳለ ደረሰኝ» ብላ መልሳ ጻፈች። ሰዓቱ ራሱ ጠርቶ አነበበልኝ።

የፈሰሰውን ሩዝ ግን እኔው ጠረግሁት! አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጬ የደንበኞችን አስተያየት አነባለሁ፤ ችግር ያለበትን ዕቃ ለዋናው መሥሪያ ቤት የማሳውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ በእኔ አትስጊ፤ ቦታዬን ይዣለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳታላላ ንገሪያት። ማሙሽን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ለእናታችን ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ የፈራሁበት ቦታ ስትደርሺ ግን ዝለይው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከመደብሩ የሠራተኞች ምሳ ክፍል
ኅዳር ፲፪ ቀን