የእኅታችን የሕይወት ታሪክና የዘገየው እርማታቸው

እኅታችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሬዲዮው ባስቸገረ ቁጥር በጥፊ ያክሙት ነበርና፣ እሳቸው በስምንት ዓመታቸው በገበታ ቢላ ፈትተው ጠገኑት። ከዚያ በኋላ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሳያስፈቅዳቸው የነካ ወዮለት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1982 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ። በ1986 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1991 ዓ.ም. በአንድ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። ሥራቸው አንድ ሙሉ ፊልም ያለ ሽቦ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ዐይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ ማሻገር ነበር። እንዲህ አፍጥኖ መረጃ የሚያሻግር የሬዲዮ ሞገድ ግን ሩቅ አይሄድም፤ መሃል ላይ ሰው ከቆመም ይቋረጣል። ቀኑን ሙሉ «ዘወር በሉ» ሲሉ ስለሚውሉ ቅጽል ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ።

በ2003 ዓ.ም. ሰው መሃል ቆሞም ሞገዱ አልተቋረጠም። ጽሑፋቸው ታተመ፤ ተሸለሙ፤ የክፍል ኃላፊ ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. ክፍሉ ቀለም ሊቀባ ዕቃው ሲወጣ ግን ሙከራው እምቢ አለ። ለካስ ሞገዱ ጥግ በነበረው የብረት ቁም ሣጥን ላይ እየነጠረ ሰውየውን ዞሮ ያልፍ ኖሯል። ያንን ቁም ሣጥን ሠርቶ በስጦታ ያመጣላቸው ይህን የሚጽፈው ብረት ሠሪ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

ጉዳዩን ለእሱ ብቻ ነገሩት። እሱም «ተይው እህት ዓለም፣ ማን ያውቃል?» አላቸው። እሳቸውም እርማት ሳይጽፉ ተዉት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ተቋም ያንኑ ሙከራ ሲደጋግሙ የኖሩ አንዲት ተመራማሪ ስላልሆነላቸው፣ ችሎታ የላቸውም ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። የት ላይ እንደተሳሳቱ እንዲነግሯቸው ለእኅታችን ደብዳቤ ጻፉ። እኅታችን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት፤ እንቅልፋቸውም በዚያው ሄደ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ የእርማት ደብዳቤያቸውን በቃል እየነገሩ ወንድማቸውን በኮምፒውተር አስጻፉት። ለመጽሔቱና ለሴትዮዋ እንዲልከውም አደራ አሉት። በማግሥቱ «ላክኸው?» ቢሉት «ልኬዋለሁ» አለ። አልላከውም። ሙት ወቃሽ ላለመሆን ነው እንዳይል እኅቱ ገና በሕይወት ነበሩ። ስማቸው እንዳይጎድፍ ፈራ፤ የሠራው ቁም ሣጥን የሰው መሳቂያ እንዳይሆንም ፈራ።

እሳቸው አምነውት በየማለዳው «መልስ መጣ?» ይሉት ነበር። አርባ አንድ ቀን ጠበቁ። በመጨረሻም «ይቅር አላለችኝም ማለት ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው አንስተው አያውቁም።

እኅታችን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና አደራቸውን የበላ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ደብዳቤው ዛሬ ማለዳ ተልኳል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ሴትዮዋ ዝም ያሉት ደብዳቤው ስላልደረሳቸው መሆኑንም፣ እሱ ዘንድ ላሉት ለእኅታችን ይንገርልን።