መቀሱ በቦታው ነው

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ፣ ከነኩርፊያህ፤

ወገብህ እንዴት ነው? የልብስ ፋብሪካው ወንበር መደገፊያ የለውም ብለሃል አሉ። የነገረኝ መልእክት የምትልክበት የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንተማ ከሄድክ ወዲህ በሰው አፍ ነው የምታወራኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቃችንም ደህና ናት፤ ጣሪያዋ ብቻ እንደ ልማዷ ታፈሳለች።

"የስፌት ማሽኔን ሽጪው" ያልከው ደርሶኛል። ገዢም አልጠፋም። እሱን በኋላ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ የምትስቅበትን ልንገርህ። ተማሪ ሆኛለሁ።

ለትንንሽ ነጋዴዎች አጭር ቪዲዮ መሥራት የሚያስተምሩ መጥተው፣ ከጎረቤታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተመዘገብን። "ስፌት ሞቷል፣ ሰው የሚገዛው የተሰፋ ነው" ብለህ ስትሄድ መልስ አጥቼ ነበር፤ መልሱን ፍለጋ ነው የገባሁት። የመጀመሪያ ቀን የቀረጽኩት ሁሉ የገዛ አውራ ጣቴ ሆኖ ተገኘ። አሰልጣኛችን ልጃችን የምታክል ወጣት ናት። "ተመልካቹን መጀመሪያ ላይ ካልያዛችሁት በጣቱ ገፍቶ ያልፋችኋል" ትላለች። ይሄንንማ እናውቀው የለ? ደንበኛ በር ላይ ካልተያዘ መች ይገባል።

የቤት ሥራው አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መቅረጽ ነው፤ ስልኩን አቁሞ ለስልክ ተመልካች፣ አጋድሞ ደግሞ ለቴሌቪዥን። እኔ ኮት ስቆርጥና ስሰፋ ቀረጽኩ። የቆመው አማረልኝ። ጠበብ ያለ ነው፤ እኔና ማሽኔ ብቻ። ኢንተርኔት ላይ ስለቀው ሁለት ሰዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ።

የተጋደመው ግን ጉድ አመጣ። ያንተ ማሽንና ባዶ ወንበርህ በግራ በኩል ገቡ። አሰልጣኟ አየችና "ይሄ ጎን ባዶ ነው፤ ወይ ማሽኑን አንሺው፣ ወይ ሰው አስቀምጪበት" አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ "እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ" ብሎ ተቀመጠልኝ። ጨርቁን እንደ ፀጉር ሲከረክመው ብታይ ኩርፊያህን ትረሳው ነበር። አስነሣሁት። ማሽኑን ልገፋው ሞከርኩ፤ እግሩ የቆመበት ሲሚንቶ ጎድጉዷል፣ ንቅንቅ አላለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከልቤም አልገፋሁት።

እንዳለ ቀረጽኩት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ በትልቁ ስክሪን ሲታይ ሁሉም ሳቀ። ጨርቁ ላይ ምልክት አድርጌ ስጨርስ፣ ዓይኔን ሳላነሳ ግራ እጄን ወዳንተ ወንበር ዘርግቼ እጠብቃለሁ። መቀሱን ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን በአንድ መቀስ ስንሠራ፣ እጄን ስዘረጋ አንተ ታቀብለኝ የለ? እጄ ትንሽ ይቆይና ባዶውን ይመለሳል፤ ከዚያ ተነሥቼ ራሴ ከጠረጴዛህ አመጣዋለሁ። ኮቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። በቆመው ቪዲዮ እጄ ከምስሉ ስለሚወጣ አይታይም ነበር። እኔም እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

አፈርኩ። "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" እያልክ ስንት ኮሌታ አስፈትተኸኛል፤ ያን ቀን ግን ማለባበስ አማረኝ። "እሱን ቁረጪልኝ፣ ወይ በሌላ ምስል ሸፍኚልኝ" አልኳት አሰልጣኟን።

"እጅሽ ማንን ነው የሚጠብቀው?"

"ባለቤቴን።"

"ታዲያ እሱ ከወጣ ምን ይቀራል እማዬ? ኮት ብቻ ነው የሚቀረው።"

ሳቁ ቆመ። ናፍቀኸኛል፤ ክፍሉ ሁሉ ያየውን ካንተ ምን ልደብቀው።

ሥልጠናውን ያዘጋጀው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከሁላችን የእኔን፣ ምንም ሳይቆረጥለት፣ መርጧል። ቅዳሜ ከማታው ዜና በኋላ ይታያል። ፋብሪካችሁ መመገቢያ ቤት ቴሌቪዥን አለ አሉ። ጓደኞችህ "ይቺ የማን ሚስት ናት?" ካሉ፣ እንደ ፈለግህ መልስላቸው።

ገዢው ትናንት ጋሪ ይዞ መጣ። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና ወደደው። "ሰው ይሠራበታል፣ አይሸጥም" አልኩት። ወንበርህን በየጠዋቱ ስለምወለውለው አመነኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሽቼ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ።

ና አልልህም፤ ኩሩ መሆንህን አውቃለሁ፣ እኔም አላንስህም። ፈጣሪ እጅህን ከመርፌ፣ ወገብህን ከብርድ ይጠብቅልኝ።

ባለቤትህ

ረስቼው፦ አሰልጣኟ "መቀሱን አጠገብሽ አድርጊው፣ ድካም ይቀንስልሻል" ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። ማታ ሱቁን ስዘጋ ግን ያው እንደ ድሮው ያንተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ።