ለኢሳዶራ ስላለቀስነው ለቅሶ፦ ለቀበሌያችን የመሬት ጉዳይ ኃላፊ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የመሬት ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ስልክዎ ፊት

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነኔትወርክዎና ከነባትሪዎ እንደምን ከረሙ? እኛ የጋይንት ገበሬዎች ጉዳያችን ካለመፈጸሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ደፍሬ ሳይሆን፣ ቢሮዎ መጥቼ እንዳልነግርዎ ጆሮዎ በማዳመጫ የተያዘ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

በቅድሚያ ላመስግንዎ። በስፓኒሽ ቋንቋ የተሠሩትን ተከታታይ ፊልሞች በሥራ ሰዓት ሳያቋርጡ በኢንተርኔት በመከታተልዎ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሀብታሞች በርስት ሲካሰሱ ማን እንደበደለ ማን እንደተበደለ ጠንቅቀው ዐውቀዋል። የእህቴ የብርቱካን ክርክር ግን በአንድ ጥማድ መሬት ብቻ በመሆኑ ለመታየት አልበቃም። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. ባሏ የሞተባት ብርቱካን፣ ጎረቤቷ ደምሌ ድንበር ገፍቶ የያዘባት መሬት ክረምት ሳይገባ እንዲወሰንላት፣ ሽማግሌዎች ይዛ በቀጠሮዋ ቀን ቢሮዎ ስትደርስ፣ እርስዎ ዕንባዎ በጉንጭዎ እየወረደ ተገኙ። በአገራችን ሐዘን ላይ ላለ ሰው ክርክር ማንሣት ነውር ስለሆነ፣ ወረቀታችንን አጥፈን ማን እንደሞተብዎ ጠየቅን። እርስዎም ኢሳዶራ የምትባል የአክስትዎ ልጅ ማረፏን ነገሩን።

፪. ወዲያው ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶቹም ንፍሮ ቀቀሉ። ወደ አርብ ገበያ የሚወርዱ ገበያተኞች እንኳ አህዮቻቸውን አስረው፣ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱልዎ። አባ ወልደ ሩፋኤል ለጸሎት የክርስትና ስሟን ቢጠይቁዎ፣ ጥቂት አሰቡና ወለተ ማርያም አሉ፤ አባም በቅን ልብ ጸለዩላት። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ግን ብርቱካን ናት፤ የባሏን ሐዘን ጨምራ አለቀሰችልዎ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

፫. በሦስተኛው ቀን አልቃሾቹ የሟቿን ፎቶግራፍ ቢለምኑዎ፣ መግቢያ ቢጠፋዎ ከስልክዎ አሳዩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ብሩክታዊት ገና ስታየው፣ ይህችማ የስፓኒሽ ፊልም ተዋናይት ናት፣ የሞተችውም በአርባኛው ክፍል ነው አለች። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ቢሮዎ ለሐዘን በተዘጋባቸው በእነዚያ ቀናት ዝናቡ ጣለ፤ ደምሌም የእህቴን መሬት አርሶ ዘራበት። እርስዎ ሥራ ሲገቡ፣ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዎ ብቻ አውጥተው፣ ዘር የገባበት መሬት አዝመራው እስኪነሣ አይነካም ብለው ወሰኑ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እርስዎ ግን እያስለቀሱ ወሰዱን።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ አንዱ ክፍል አልቆ የተዋንያኑ ስም ሲያልፍ፣ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ፋታ የብርቱካንን ፋይል እንዲገልጡት ነው።

ለማያውቋቸው ሰዎች የሚያፈስሱት ዕንባ እንዳይነጥፍብዎ እየተመኘሁ፣ በሐሰት ለቅሶ ላይ የእውነት ያለቀስኩ ትሑት ባለጉዳይዎ፣
ጌታነህ፣ የብርቱካን ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብሩክታዊት እንደነገረችን፣ ኢሳዶራ በአርባ ሦስተኛው ክፍል ከሞት ተነሥታለች፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የብርቱካን ባል ግን አልተነሣም፤ ልጆቿም የዘንድሮ እህላቸው በደምሌ ጎተራ ሊገባ ነው። እንዲህም ሆኖ እህቴ፣ አንድ ቀን የእውነት ሰው ቢሞትብዎ መጥታ እንደምታለቅስልዎ ትናገራለች። እኔ አልመጣም።